14 ቀን፣ 7 ከተማ፦ ፕላኑ በማን ጉልበት ነው የተሠራው?

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቷል። "ዶክተር፣ ለሁለት ሳምንት አውሮፓ ልንሄድ ነው፤ እማዬም አብራን አለች። ስኳርና ግፊት አለባት፤ ምን መድኃኒት እንያዝላት?" ከጥያቄው ሥር የጉዞው ፕላን በስክሪንሹት ተያይዞ ይመጣል፦ ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላን፣ ዙሪክ፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ። 14 ቀን፣ 7 ከተማ። ግማሹ በባቡር፣ ግማሹ በአውሮፕላን።

እኔ መድኃኒቱን ትቼ መጀመሪያ የማየው ፕላኑን ነው። ሰውየውን የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ እሱ ስለሆነ። ፕላኑን የሚሠራው የ28 ዓመት ልጅ ነው፤ በስልኩ፣ በራሱ ጉልበት ልክ። የሚሄድበት ደግሞ የ66 ዓመት እናቱ ጉልበት ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የቤተሰብ ጉዞ የሚለካው ከመካከላቸው ቀስ ብሎ በሚራመደው ሰው ነው። ለሁለት ሳምንት 3 ከተማ ይበቃል፤ ቢበዛ ቢበዛ 4።

ለምን እንደምታጨናንቁት ይገባኛል። የሸንገን ቪዛ ለኛ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የባንክ ስቴትመንቱ፣ የቀጠሮ ወረፋው፣ የማይመለሰው 90 ዩሮ፣ ጭንቀቱ። "አንዴ ከተገኘ ሁሉንም አይተን እንመለስ" ማለት ስስት አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ላይገኝ ይችላል የሚል ፍርሃት ነው። ግን እስቲ አብረን እናስላው። ከ14 ቀን የመድረሻውንና የመመለሻውን ስታወጡ 12 ይቀራል። 7 ከተማ ማለት 6 ጊዜ መዘዋወር ነው፤ ሻንጣ ማሰር፣ ከሆቴል መውጣት፣ ጣቢያ መድረስ፣ መጓዝ፣ አዲሱን ሆቴል ፈልጎ ማግኘት። እያንዳንዱ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። 3 ቀን ሄደ። ለ7 ከተማ 9 ቀን ቀረ ማለት ነው። በ3 ከተማ ብትወሰኑ የምትዘዋወሩት 2 ጊዜ ብቻ ስለሆነ 11 ቀን ሙሉ ይተርፋችኋል። ከሮም ገብታችሁ ከፓሪስ ብትመለሱ ደግሞ ወደ ኋላ የምትጓዙበት ቀንም አይኖርም፤ ትኬቱ እንደዚያ መቆረጥ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ለብቻው ይታሰብ። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚነሱት አብዛኞቹ በረራዎች የሌሊት ናቸው፤ ንጋት ላይ ያደርሷችኋል። ሆቴሉ ግን ክፍል የሚሰጠው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያደረች እናት እግሯ አብጦ ሎቢ ውስጥ ግማሽ ቀን ትጠብቃለች፤ ወይ ደግሞ "ጊዜ እንዳይባክን" ተብሎ ኮሎሲየም ትወሰዳለች። እባካችሁ፣ በጀቱ ከቻለ ያለፈውንም ሌሊት ክፍል ክፈሉ፤ ካልቻለ ቀድሞ የሚያስገባ ማረፊያ ፈልጉ። ያን ቀን ምንም አትያዙ።

ስለ አውሮፕላኑ ከሁሉም የምትፈሩት አየሩን ነው፤ እሱ ግን ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ አይደለም። የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲስተካከል ነው የሚደረገው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር አካባቢ ናት። እንደ ድሪምላይነር ባሉት አዳዲሶቹ ውስጥ እንዲያውም ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል፤ ሰማይ ላይ ሆናችሁ ከቦሌ የተሻለ ኦክስጅን ታገኛላችሁ ማለት ነው (ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው)። ከቆላ የሚነሳ የልብ ወይም የሳንባ ሕመምተኛ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዋናው ችግር መቀመጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳሳየው 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል ወደ እጥፍ ያሳድገዋል። አትደንግጡ፤ እጥፍ ሆኖም ከ6,000 ጤነኛ መንገደኛ አንድ ሰው ገደማ ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ የአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን የባቡርም፣ የአውቶቡስም፣ የመኪናም ነው። ሁለተኛ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጉዞ በተደራረበ ቁጥር ዕድሉ ይጨምራል። የ7 ከተማው ፕላን እኮ በትክክል ይሄው ነው! ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባት፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስድ፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነ፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ደግሞ የበለጠ ተጋላጭ ነው። በየሰዓቱ ተነስቶ መራመድ፣ ቁጭ ባሉበት ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፣ ውኃ መጠጣት። "አስፕሪን ልውሰድ?" ለምትሉኝ፦ ለበረራው ብላችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። ከጉዞ በኋላ ሁለቱም እግር እኩል ትንሽ ቢያብጥ የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ ግን፣ ከተመለሳችሁ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

ባቡር ወይስ አውሮፕላን? በባቡር እስከ 5 ሰዓት ለሚፈጅ መንገድ እኔ ያለ ማመንታት ባቡር እላለሁ። ከሮም ሚላን ፈጣኑ ባቡር 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከፓሪስ ብራስልስ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። መሃል ከተማ ተነስታችሁ መሃል ከተማ ትወርዳላችሁ። ባቡር ላይ እናታችሁ ተነስታ ወዲያ ወዲህ ማለት ትችላለች፤ ሽንት ቤቱ ክፍት ነው፤ ምሳዋን በሰዓቱ ትበላለች። "የአንድ ሰዓት በረራ" የሚባለው ግን ወደ ኤርፖርት መሄጃውን፣ ፍተሻውንና ሻንጣ ጥበቃውን ስትጨምሩበት ግማሽ ቀን ነው። የባቡር ችግሩ ሻንጣውን የሚያነሳላችሁ አለመኖሩ ነው። ደረጃ አለ፣ የባቡሩ መውጫ ከፍ ይላል፣ ማቆሚያው አጭር ነው። ወገባችሁን የምትወዱ ከ23 ኪሎ ሻንጣ ይልቅ አንድ መካከለኛ ያዙ፤ ልብስ እዚያም ይታጠባል።

ሽንት ቤትን ካነሳሁ አይቀር፦ ብዙ ጣቢያዎች ላይ በሳንቲም የሚከፈልበት ነው። እናቶቻችን ደግሞ "ላለማስቸገር" ብለው ውኃ መጠጣት ያቆማሉ። ከዚያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ፣ ማዞሩ፣ የኩላሊቱ ጣጣ ይመጣል። ሳንቲም ያዙላቸው፤ ሳይጠይቋችሁ እናንተው አስታውሱ። ሮም ውስጥ በየመንገዱ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ውኃቸው ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ነው፤ ነፃ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ለ14 ቀን ስትሄዱ የ3 ሳምንት ያዙ፤ በረራ ሊሰረዝ ይችላል። መድኃኒት ወደ ካርጎ በፍጹም አይገባም። ሻንጣው ሊጠፋ ይችላል፤ ኢንሱሊን ደግሞ እዚያ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ተበላሽቷል፣ ቢቀልጥም አይጠቅምም። የእጅ ሻንጣ ውስጥ መክተቱም ሁልጊዜ አይበቃም፤ ርካሾቹ የአውሮፓ አየር መንገዶች ጌት ላይ "ትልቅ ነው" ብለው ተቀብለው ወደ ታች ይልኩታል። ስለዚህ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ፤ ግማሹን ደግሞ ሌላ ሰው ይያዝ፣ ሌባ አለ። የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ኢንሱሊንን አይመለከትም፤ ፍተሻ ላይ አውጥታችሁ አሳዩ። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ25 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሳምንት ገደማ ስለሚቆይ "ፍሪጅ የለም" ብላችሁ አትጨነቁ። የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው።

ፋርማሲ የሰጣችሁን በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን ይዛችሁ አትሂዱ። ከነካርቶኑ ጠይቁ። ከሐኪማችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስረጃ አሠሩ፦ ሕመሙ፣ የመድኃኒቱ የንግድ ስም ሳይሆን ዋናው ስሙ፣ መጠኑ። ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ዳያዜፓም የሚወስድ ሰው ያለዚህ ወረቀት አይነሳ፤ የየአገሩን ሕግም ቀድሞ ይጠይቅ። "ካለቀ እዚያ እንገዛለን" የሚለውን እርሱት። አንቲባዮቲክም የግፊት መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሸጥላችሁም፤ እሑድ ደግሞ አብዛኛው ፋርማሲ ዝግ ነው፣ ተረኛውን መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው።

የሰዓት ልዩነቱ ቀላል ነው፤ ጣሊያንና ፈረንሳይ በበጋቸው ከኛ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ኪኒኑን በዚያው አገር ጠዋትና ማታ መውሰድ ይቻላል።

ስኳር ላለበት ሰው በጣም የማስበው መራመዱን ነው። አዲስ አበባ ላይ ከቤት ታክሲ፣ ከታክሲ ቤተክርስቲያን የሚሄድ ሰው በድንገት ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይሆናል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ከሆነ፣ ብዙ ተራምዶ ምሳው ሲዘገይ ስኳሩ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። እናንተ "ደክሟት ነው" ትላላችሁ። ኪሷ ውስጥ ከረሜላ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ጁስና የስኳር መለኪያ ይኑር። ጉዞው ጾም ላይ ከዋለ ይህን ከሐኪም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አዲስ ጫማ ደግሞ ክልክል ነው! የሮም መሃል መንገዶች ድንጋይ ናቸው፤ ስሜቱ የቀነሰ እግር ሲላጥ አያውቅም። ማታ ማታ ጣት በጣት፣ ውስጥ እግሩን እዩላት።

ወሩንም ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሮም ወይም ፓሪስ 38 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እኛ ደግሞ 30ን ብዙ የማናውቅ የደጋ ሰዎች ነን። በ2003ቱ የሙቀት ማዕበል ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ወደ 15,000 ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ የሚወስድ ሰው በላቡም በሽንቱም ውኃና ጨው ስለሚያጣ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ምርጫው ካላችሁ ግንቦት ወይም መስከረም ሂዱ። ከሌላችሁ ክፍሉ ኤሲ እንዳለው አረጋግጡ፤ ብዙ ቤት የለውም። እኩለ ቀን ላይ እቤት።

ኢንሹራንሱን ለቪዛ ወረቀት ብቻ ብላችሁ አትግዙት። ሕጉ የሚጠይቀው በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ነው። ርካሹን ስትገዙ ግን "ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፈንም" የሚል መስመር ሊኖር ይችላል፤ ለስኳር በሽተኛ ያቺ መስመር ሙሉው ውል ናት። አንብቡት፣ ወኪሉን ጠይቁት፣ የሚበልጠውን ክፈሉ። ፓሪስ ከደረሳችሁ በኋላ ለንደንን የምትጨምሩ ደግሞ፣ እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ሽፋን። ድንገተኛ ነገር ሲገጥም 112 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ ከየትኛውም ሞባይል በነፃ ይሠራል፤ እናታችሁም በስልኳ መደወል እንድትችል አሳዩአት፣ የሆቴሉን አድራሻም በወረቀት ጻፉላት።

በመጨረሻም፣ በቅርብ ሳምንታት የልብ ድካም፣ ስትሮክ ወይም ትልቅ ኦፕራሲዮን የነበረበት፣ እርግዝናዋ 36 ሳምንት እየደረሰ ያለ፣ ስኳሩ ወይም ግፊቱ አልስተካከል ያለ ሰው ካለ፣ ቀጠሮው ከትኬቱ ይቅደም። ሌሎቻችሁም ከጉዞው 4 ወይም 6 ሳምንት በፊት ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ፤ የመድኃኒት ለውጥ ቢያስፈልግ እዚሁ ሆናችሁ ትለምዱታላችሁ። ስትሄዱ ፕላኑንም ይዛችሁ ግቡ፤ መድኃኒቱን ብቻ አይደለም።