ለፊልም ወይስ ለጌም? ላፕቶፕ ለሚገዛ ተማሪ የቀረበ ሐሳብ

የሰሊጥ አዝመራ ተሰብስቦ በሚሸጥበት ወራት ከሳንጃና ከታች አርማጭሆ ቀበሌዎች መጥተን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በምንማር ልጆች መካከል አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። ክርክሩ ላፕቶፕ ስለ መግዛት ነው። አባት ከአዝመራው ላይ ጥቂት ገንዘብ ይመድባል፤ ልጅ በዚያው ገንዘብ ፊልም የሚያይበት፣ ኳስና የመኪና እሽቅድድም የሚጫወትበት፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም የሚጽፍበት አንድ መሣሪያ ይፈልጋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው እንዳይባል የአንድ ቤተ ሰብ የክረምት ድካም ነው፤ ብዙ ነው እንዳይባል አዲስ የጌም ላፕቶፕ አይገዛም። ታዲያ በዚህ መካከለኛ ገንዘብ ምን መግዛት ይሻላል?

በመጀመሪያ «ተማሪ ከፊልምና ከጨዋታ ጋር ምን ጉዳይ አለው?» ለሚሉ ሰዎች መልስ መስጠት ይገባል። ቀን ሙሉ የተማረ አእምሮ ማታ ዕረፍት ይሻል። በዶርም ውስጥ አራት አምስት ሆኖ ፊልም ማየት የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። የሚያስነቅፈው «ለትምህርቴ ነው» ብሎ አባትን አስከፍሎ፣ ሱቅ ሲደርሱ ለጨዋታ ብቻ መምረጥ ነው። እውነቱን ለቤተ ሰቡ የተናገረ ልጅ ምርጫውም ይቀለዋል፤ ለምን እንደሚገዛ ለራሱም ዐውቋልና።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ፊልምና ጌም አንድ ዐይነት መሣሪያ የሚጠይቁ እየመሰለን ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፊልም አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ሥዕል ነው፤ አብዛኛው ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ብቻ ያሳያል። ላፕቶፑ የታሸገውን ፈትቶ ከማሳየት በቀር ሌላ ድካም የለበትም፤ ይህንንም የሚሠራ ልዩ ክፍል ባለፉት ዐሥር ዓመታት በተሠሩ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ተካቶ ይገኛል። ስለዚህ ፊልም የሚፈልገው ጥሩ ስክሪን፣ የሚሰማ ድምፅና የሚቆይ ባትሪ ነው።

ጌም ግን እያንዳንዱን ሥዕል በዚያችው ቅጽበት እያሰላ ይፈጥራል። ከባዱ ጌም ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል፤ ካርዱ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የበላውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የተራ ላፕቶፕ ቻርጀር 45 ወይም 65 ዋት ሲሆን የጌም ላፕቶፕ ቻርጀር 150 ዋትና ከዚያም በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሶኬት ሲነቀል ጨዋታው ይንቀራፈፋል፤ ባትሪውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ነጋዴው በመጀመሪያ የሚያሳየን «ኮር አይ ሰቨን» የሚለውን ተለጣፊ ወረቀት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አራተኛ ትውልድ አይ ሰቨንም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ላፕቶፖች ላይ የተገጠመው ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ አይ ሰቨንም ስማቸው አንድ ነው። የኋለኛው ትውልድ አይ ፋይቭ የቀድሞውን አይ ሰቨን በብዙ ይበልጠዋል። ስለዚህ ስሙን ትቶ ሙሉውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። በግራፊክስ ካርድም እንዲሁ ነው። «አር ቲ ኤክስ 3050» የሚል ስም የያዙ ሁለት ላፕቶፖች አንዱ በ35 ዋት ሌላው በ80 ዋት የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው አንድ አይደለም።

ከዚህም በላይ የጌም ላፕቶፕ በርካሽ ሲሸጥ ቅናሹ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ከስክሪኑ ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ብርሃኑ የደከመ ይሆናል። በሴኮንድ 144 ጊዜ የሚታደስ መሆኑ ለጌም ቢጠቅምም በ24 ሥዕል ለሚሄድ ፊልም እምብዛም አይጨምርለትም። እንግዲህ በመካከለኛ ዋጋ ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚሸጥልን ነጋዴ፣ ከሁለቱም ቆርጦ የሚሸጥልን መሆኑን አንዘንጋ።

ደግሞ መሣሪያው የሚኖርበትን አገር እናስብ። የብዙ ላፕቶፖች መመሪያ መሣሪያው የሚሠራበት አየር ከ35 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያዛል። በጎንደር ደጋ ይህ አያስቸግርም። በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሳንጃ ቆላ ስንወርድ ግን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትር ሙቀት ከዚያ ያልፋል። ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እንዳይቃጠል ሲል ራሱን ያዘገያል፤ በውድ የተገዛው ጉልበትም ያን ጊዜ ከንቱ ይሆናል። አቧራው ማራገቢያውን ሲደፍነው ነገሩ ይብሳል። መብራት ሲጠፋም የጌም ላፕቶፕ ባለቤት ቀድሞ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

የኢንተርኔትም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ በመስመር ካልሆነ የማይከፈት ጌም ዋጋ አልነበረውም፤ በፍላሽ ተጭኖ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፊልም ግን ይታይ ነበር። በመጨረሻም ጥገናው አለ። በጌም ላፕቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ የተሠራ ነው፤ ሲበላሽ ዋናው አካል አብሮ ይሄዳል። መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ለሚያስታውስ ሰው የቀረውን መንገር አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ ምክንያት የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። መካከለኛ ገንዘብ የያዘ ተማሪ ለፊልምና ለጽሑፍ የሚሆነውን መሣሪያ ይግዛ፤ ጌሙን በተረፈው ይጫወት። ለቢሮ ሥራ የተሠራ፣ ያገለገለ ነገር ግን ጠንካራ ላፕቶፕ ይፈልግ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ ዐሥራ አንደኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ቢሆን፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ሆኖ በሁለት ተከፍሎ ቢገጠም፣ ማስቀመጫውም ኤስ ኤስ ዲ ቢሆን መልካም ነው። ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ በውስጡ ባለው ግራፊክስ የቆዩ የኳስ ጌሞችንና እንደ «ጂ ቲ ኤ 5» ያሉትን ጥራታቸውን ዝቅ አድርጎ ያጫውታል። አዲሱን ኳስ ለሚሻ በየከተማው የፕሌይስቴሽን ቤት አለ፤ በዚያ በጥቂት ብር ከሰው ጋር እየተፎካከሩ መጫወት ይቻላል።

«የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ፤ የሦስት ገጽታ ሥዕል እሠራለሁ» ለሚል ወይም በእውነት በየምሽቱ ጌም ለሚጫወት ግን ፍርዱ ይለያል። እርሱ የግራፊክስ ካርድ ያለውን ይግዛ፤ ነገር ግን ዋቱን ጠይቆ፣ ከኋላው ከፍ አድርጎ፣ አቧራውን እያስጠረገ፣ የሳንጃን ቀትር ትቶ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይጫወት። ከየትኛው ወገን መሆኑን ያላወቀ ተማሪ ባለፈው ሴሚስተር ስንት ምሽት ፊልም እንዳየ፣ ስንት ምሽት ጌም እንደ ተጫወተ ይቍጠር፤ ቍጥሩ ይነግረዋል።

ሱቅ ውስጥም አንቸኵል። የራሳችንን ፊልም በፍላሽ ይዘን ሄደን፣ ቻርጀሩን ነቅለን ግማሽ ሰዓት እናጫውት፤ ባትሪው ስንት እንደ ወረደ እንይ። ስክሪኑን ከጎን ሆነን እንመልከት፤ ቀለሙ ከተገለበጠ ለአራት ሰው አይሆንም። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ መዝገብ አስከፍተን፣ ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን እናስተያይ። ይህን የማይፈቅድ ነጋዴ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነጋዴው «ይኸኛው ሁሉንም ይሠራል» ሲላችሁ «በምን ያህል ሙቀት? ያለ መብራትስ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው፣ በተለይም የጌም ላፕቶፕ ገዝቶ በቆላ ሙቀት ዓመታት ያሠራ ተማሪ ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሣ። ክርክሩ ገና የሰሊጡ ገንዘብ ሳይወጣ ቢደረግ ይሻላል።