ፋኑን አታፍኑት

ዛሬ በጉባኤያችን መካከል ስለሚጮኸው የኮምፒውተር ፋን ጥቂት ልበል። ርእሱ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ አይመጥንም የሚል ካለ፣ ሕዝቡ በጸጥታ ሲጸልይ ማይክሮፎኑ ያንን የወፍጮ ድምፅ ለቅሞ ሲያሰማ አልነበረም ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዲያ አገልጋዩን ወጣት "ድምፁን አጥፋልን" እንለዋለን። እሱም ታዛዥ ነውና ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል ወይም ጨርቅ ያለብሰዋል። ድምፁ ይታፈናል፤ ሙቀቱም አብሮ ይታፈናል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ፋኑ የሚጮኸው ሥራው ስለከበደው ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ በላዩ ወደተገጠመው ባለ ብዙ ክንፍ አልሙኒየም ወይም መዳብ ይተላለፋል፤ ፋኑም በክንፎቹ መካከል አየር እየነፋ ያወጣዋል። ክንፎቹ በአቧራ ሲደፈኑ ኮምፒውተሩ ሙቀቱን ለክቶ ፋኑን ያፈጥነዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ያም ካልበቃ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ማሽኑ ይጠፋል። በዝማሬ መካከል ግጥሙ ከግድግዳው ላይ ድንገት የሚሰወረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

"እንጅባራ ብርድ አይደል እንዴ?" የሚሉኝ አሉ። ብርዱስ ይረዳል። ነገር ግን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር፣ ዳንግላም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በእንጅባራ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አልበስል እንደሚል እናቶቻችን ያውቁታል። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል፤ ስለዚህ ፋኑ ለዚያው ሥራ የበለጠ መሽከርከር አለበት። በበጋ የመንገዱ አቧራና የዲከረንስ ከሰል ብናኝ ይጨመርበታል። በምሽቱ ብርድ ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አስቀምጠን ስብከት የምናዘጋጅም አለን፤ ጋቢው እኛን ሲያሞቅ የላፕቶፑን መተንፈሻ ይደፍናል። ከሥሩ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ይበቃዋል።

ኤልያስ "ልሙት" ባለ ጊዜ ጌታ ዝም አላሰኘውም። አስተኛው፣ አበላው፣ አጠጣው። ረጋ ያለው ድምፅ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ዕቃ ስናወራ ነቢይ መጥራቴን ይቅር በሉኝ፤ ግን የሚጮኸውን ከማፈን በፊት ምን እንደጎደለው ማየት ለዕቃም ለሰውም ይሠራል።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ፋኑ ስለጮኸ ብቻ ለአዲስ ኮምፒውተር መባ አትሰብስቡ። ያ ገንዘብ ለመበለቶች ይዋል። መጀመሪያ ማሽኑ ይጠፋ፣ ከሶኬት ይነቀል፤ ወጣቱ ከደጅ አውጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ክንፎቹን ያጽዳ። ሲነፋው ፋኑን በጣቱ ይያዘው፣ ያለ ልክ እንዳይሽከረከር። ፕሮሰሰሩና አልሙኒየሙ መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ከሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ይቀይረው። ጸድቶም የሚያንቋርር ከሆነ ፋኑ ራሱ አርጅቷልና እሱ ብቻ ይለወጥ። ከዚያ በረጅም ኬብል ከማይክሮፎኑ አርቁት፤ ግን አየር በሚያገኝበት ቦታ ይሁን።

የምእመናን መዝገብና የስብከት ቅጂዎች በዚያው ማሽን ብቻ ካሉ ደግሞ፣ ከመጽዳቱ በፊት በሌላ ዲስክ ይገልበጡ። ይህን ለመጪው እሑድ አታቆዩት።