ሕጉ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው

በማሳጅ ቤቶች ጉዳይ በጎንደር ቁስቋም አካባቢ ከምንሠራ ወጌሻዎችና የማሳጅ ሠራተኞች ማኅበር የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ አሽተን የምናድር ሰዎች ነን። ከመካከላችን ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ወጌሻ አለ፤ አራስ ስታሽና ሕፃን በቅቤ ስትቀባ የኖረች እናት አለች፤ ወይባ የምታጤስ አለች፤ በሆቴልና በማሳጅ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወጣት ሴቶችም አሉ። ይህን መግለጫ እንድናወጣ ያስገደደን የእነዚህ ወጣቶች ነገር ነው። ዛሬ አንዲት ልጅ «ማሳጅ ቤት ነው የምሠራው» ብላ ለጎረቤት ለመናገር ታፍራለች። ደንበኛው ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ሌላ አገልግሎትስ የለም?» ይላታል። «የለም» ካለች ባለቤቱ ይቆጣታል፤ እሺ ካለች ደግሞ አፈሳ በመጣ ቀን መኪና ላይ የምትጫነው እሷ ናት። አቋማችን የሚነሣው ከዚህ ነው። ሥራው ደንብ ይውጣለት፤ ደንቡ ሲወጣም ተጠያቂው በሴቲቱ ገላ የሚያተርፈው ይሁን።

ሥራው ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በፋሲል ግቢ፣ ከነገሥታቱ ሕንፃዎች ፍርስራሽ መካከል፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለ፤ ወሸባ ይባላል። ወሸባ መግባት ማለት ታሞ በእንፋሎት መታጠንና ማላብ ነበር፤ በተለይ ቂጥኝ ለጠናበት ሰው ይታዘዝ እንደነበር ይነገራል። ብዙዎች የዘነጉት ይህ ቃል በ2012 ኮሮና ሲገባ «ለይቶ ማቆያ» የሚል ትርጉም ይዞ ወደ አፋችን ተመለሰ። አያቶቻችን እንፋሎትንና መታሸትን ከመድኃኒት ጎን እንጂ ከነውር ጎን አላስቀመጧቸውም። አዲስ አበባም በ1879 ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን የሳባቸው ፍልውሃ ነው። እስከ ዛሬም ፍልውሃ የሚሄድ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ወገቡን ታሽቶ ሲመለስ ማንም ክፉ ቃል አይናገረውም።

ስሙ የተበላሸው ዘግይቶ ነው። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ስፓ፣ ሳውና፣ ሞሮኮ ባዝ የሚሉት ቃላት ከቦሌ ተነሥተው ወደየክልል ከተማው ወረዱ። አብዛኛው በቅንነት የተከፈተ ነው። ነገር ግን ማሳጅ ቤት በባሕርዩ የሚዘጋ በር፣ አልጋና ልብሱን ያወለቀ ደንበኛ አለው። በቡና ቤት ስም ይሠራ የነበረውን ንግድ ለመሰወር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መጋረጃ አይገኝም። ልጆቹን ወደዚህ ሥራ የሚያስገባ ደላላም አለ። ጎንደር በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ መነሻ ናት፤ በዚህ መንገድ ስንቱ ወጣት እንደሄደ የማያውቅ የጎንደር ቤተሰብ የለም። ከ2013 ወዲህ በክልላችን በተከታታይ የደረሰው ጦርነት ቤት ያሳጣቸው ልጆች፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው የሚመለሱ ሰዎች በዚሁ ከተማ ሥራ ይፈልጋሉ። ማሳጅ ቤት «ልምድ አያስፈልግም» ብሎ የሚቀበል ሥራ ነው። አንዲት አባላችን ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን መታወቂያዋን ለባለቤቱ አስረክባ፣ ለመልቀቅ በጠየቀች ጊዜ ለመኝታና ለምግብ ዕዳ አለብሽ ተብላለች። ሙያ ያስተማራት አልነበረም፤ የተሰጣት ዘይትና ፎጣ ብቻ ነው።

ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ከደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው፤ ደብሩም ስሙን የወሰደው እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት የግብፅ ቦታ ነው። ኅዳር 6 ቀን በየዓመቱ የምናከብረው የአንዲት ስደተኛ እናት ማረፊያ ማግኘት ነው። በዚህ ስም የምንጠራ ሰዎች ተሰድዳ የመጣችውን ልጅ በአፈሳ መኪና ስትጫን ቆመን ማየት አይገባንም።

ከተማችን በሴቶች ላይ የተጣመመ ሕግ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ አይታለች። ጎንደር ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 በጣሊያን እጅ ነበረች። በሚያዝያ 1929 የወጣው የጣሊያን አዋጅ፣ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። ዝሙት አዳሪ ቤት መግባት ግን አልተከለከለም። ሴቲቱ ለአንድ ሌሊት ስትገዛ ዝም ያለው ሕግ ቤት መሥርታ ስትገኝ ወንጀል አለው። ይህን የምናነሣው ደንብ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ደንቡ ማንን ለመጠበቅ እንደተጻፈ መጠየቅ እንዳለበት ስለምናምን ነው።

የዛሬው ሕጋችን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 የሚቀጣው ጥቅም ለማግኘት ሲል በሌላ ሰው ዝሙት አዳሪነት የሚተዳደረውን፣ ሴት የሚያቃጥረውን፣ ለዚሁ ሥራ ቤት የሚያኖረውን ነው። አንቀጽ 635 ደግሞ ሴቶችንና ልጆችን አታልሎ ወይም አግባብቶ ለዚህ ሥራ የሚያቀርበውን ይቀጣል፤ «ራሷ ፈቅዳ ነው» የሚለው መልስ አያድነውም። ገላዋን የሸጠችውን ሴት ግን ሕጉ ወንጀለኛ አይላትም። ስለዚህ ቤቱ ታሽጎ ልጅቱ ታስራ ባለቤቱ በሳምንቱ በሌላ ሰፈር ሌላ ቤት ሲከፍት፣ የተሠራው ነገር ሕጉ ከጻፈው ተቃራኒ ነው። በ2012 የወጣው በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178ም መታወቂያ ነጥቆ፣ ዕዳ ቆልሎ ሰውን ለሚይዝ የሚጠቀስ ሕግ ነው። ሕግ አልጠፋም፤ የሚጠቀስበት ሰው ነው የተሳሳተው።

የምደባም ችግር አለ፤ እኛ ብቻ አይደለንም ያለብን። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሥራዎች መደብ 4ኛ ክለሳ ማሳጅ ቤትን፣ ሳውናንና የእንፋሎት ቤትን ያስቀመጠው አጃቢ ሰው ከሚያከራዩ ድርጅቶች ጋር በአንድ ቁጥር ሥር ነው፤ በ9609። የጫማ ጠራጊውና የኮከብ ቆጣሪው ሥራም እዚያው ነው። ሙያ የሚጠይቀውን ከማይጠይቀው ጋር እንዲህ ከደባለቁት ቁጥጥሩም ይደባለቃል። ታይላንዳውያን የማሳጅን የተበላሸ ስም ለመለወጥ ብዙ ደክመዋል። በ2012 የእኛ ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በገባበት በቦጎታው ጉባኤ፣ የእነርሱ ባህላዊ ማሸትም ተመዝግቧል። የፋሲል መዋኛ ጥምቀት በዓለም ፊት ከበሬታ ባገኘበት ስብሰባ የእነርሱም እጅ ከበሬታ አገኘ።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ማሳጅን ከውበት ሳሎን የተለየ የራሱ ፈቃድ እንዲሰጠው እንጠይቃለን። ፈቃዱ በባለቤቱ ስም ይሁን፤ የሚሠሩት ደግሞ በስማቸው ተመዝግበው የሥልጠና ማስረጃ ይያዙ። ሥልጠናውን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል አለው። ደም ሥር የትኛው፣ የማይነካ ጅማት የትኛው እንደሆነ ለወጌሻዎቻችንም ለወጣቶቻችንም የሚያስተምር አጭር ኮርስ እንዲከፈት እንለምናለን። የተሰበረ አጥንት ያለ ራጅ ማሸት ሰውን አካል እንደሚያሳጣ ወጌሻዎቻችን ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለውን ታማሚ ወደ ሆስፒታል ለመላክ ማኅበራችን ተስማምቷል።

የመታሻ ክፍል በር ከውስጥ የሚቆለፍ እንዳይሆን፣ ዋጋው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በዚህ ሥራ እንዳይቀጠር በደንብ ይጻፍ። የሥራ ውል በጽሑፍ ይሁን። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ማሳጅ ቤት ውስጥም ይሠራል። ደሞዝ ሳይኖር «በጉርሻ ትኖሪያለሽ» ብሎ መቅጠር ልጅቱን ለደንበኛው አሳልፎ መስጠት ነውና ይከልከል። ቁጥጥር ሲደረግ ሴት ተቆጣጣሪ ትኑር፤ የሠራተኞቹ ፊት በካሜራ አይቀረጽ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አይለጠፍ። አንድ ጊዜ የተለጠፈ ፊት ወደ አገሯ ገብታ እንዳታገባ፣ ሌላ ሥራ እንዳታገኝ አድርጎ ያስቀራታል።

በራሳችንም ላይ የምንናገረው አለ። ከአባሎቻችን መካከል ጎረቤት ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እያዩ ለእንጀራቸው ሲሉ ዝም ያሉ አሉ። ከእንግዲህ መታወቂያ የያዘ፣ ዕዳ የቆለለ ወይም ልጅ የቀጠረ ባለቤት ስናይ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ እና ለፖሊስ በማኅበራችን ስም እንጠቁማለን፤ ጥቆማውን የሚጽፈው የማኅበሩ ኮሚቴ እንጂ ሠራተኛዋ አትሆንም። ከእንዲህ ያለ ቤት ለወጣች ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ማደሪያና የሙያ ልምምድ በአባሎቻችን ቤት እንሰጣለን። እናቶቻችን ተራ ይዘዋል፤ የመጀመሪያዋ ተረኛ ከቁስቋም ደብር ቁልቁል ያለውን ቤቷን አዘጋጅታለች።

የዚህ መግለጫ ግልባጭ ለከተማው አስተዳደር፣ ለንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ለጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለሠራተኛ ጉዳይ፣ ለፖሊስ እና ለዩኒቨርሲቲው ይሰጣል።

ቁስቋም፣ ጎንደር