ማብሪያና ማጥፊያ ስንገዛ፦ መልኩን ወይስ ቁጥሩን?

የኤሌክትሪክ ኃይል ከግድብ ተነሥቶ ቤታችን እስኪደርስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የጉዞው የመጨረሻ ክንድ ያለው ግን በገዛ ግድግዳችን ላይ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉና ተጠቃሚው በበዙ ቁጥር የማብሪያና ማጥፊያው፣ የሶኬቱና የአጋዥ ዕቃዎቻቸው ጥራት የሕይወትና የንብረት ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች መመረጥ ያለባቸው በመልካቸው ሳይሆን በተጻፈባቸው ቁጥርና በሚተከሉበት ቦታ ነው።

አጋዥ ዕቃ የምንለው ማብሪያው የሚቀበርበትን ሣጥን፣ ሽፋኑን፣ ሽቦ በብሎን የሚታሰርበትን ማያያዣ፣ ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ፣ ብሬከሩን፣ የኧርዝ ሽቦውንና በየቤቱ የማይጠፋውን ዲቫይደር ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ለበሩና ለቀለሙ ሲጨነቅ ይሰነብትና፣ እዚህ ላይ ሲደርስ «ኤሌክትሪሺያኑ ያመጣው ይሁን» ብሎ ያልፋል። ራሱ ከገዛም ማማሩን አይቶ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በብዙ ማብሪያዎች ጀርባ «10 አምፔር፣ 250 ቮልት»፣ በብዙ ሶኬቶች ጀርባ ደግሞ «16 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ብንወስድ፣ 3,500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ምጣዱ ብቻውን ሶኬቱን እስከ ጫፍ ይሞላዋል ማለት ነው። በዚያው ሶኬት ላይ ዲቫይደር ሰክቶ ምድጃና ካውያ መጨመር ሞልቶ የተጫነ አህያ ላይ ሌላ ጆንያ እንደ መጫን ይቆጠራል። ስለዚህ ምጣድ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ ሁለቱንም ሽቦ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ አገጣጠሙ ላልቶ እንደሆነስ? ሽቦው በብሎን በደንብ ካልታሰረ በመገናኛው ላይ ትንሽ ሙግደት ወይም ሬዚስታንስ ይፈጠራል። ይህ ሙግደት 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 16 ጊዜ 16 ጊዜ 0.1፣ ማለትም 25.6 ዋት ሙቀት ይወጣል። የሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት መሣሪያም ከዚህ የራቀ ጉልበት የለውም። ያን የሚያህል ሙቀት በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ታምቆ ለሰዓታት ይቆያል። አደገኛው ነገር ብሬከሩ ይህን አለማየቱ ነው፤ ኮረንቱ ከልኩ አላለፈምና አይቆርጥም። ስለሆነም ጥሩ የናስ ማያያዣና በወጉ የጠበቀ ብሎን ከብሬከሩ ያልተናነሰ የደኅንነት ዘብ ናቸው።

የደጋው አየር

ሁለተኛው መመዘኛ ቦታው ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በጎንደር 77 በመቶ፣ በደባርቅ 70 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ከማብሪያ ጋር ምን ያገናኘዋል? በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለው አየር መከላከያ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሮኖች ከሞለኪውል ጋር ሳይጋጩ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሮጡ ብልጭታ በቀላሉ ይፈጠራል። የሳሳ አየር ሙቀትንም እንደ ልብ አይወስድም።

በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በዕቃዎች ውስጥ ሊኖር የሚገባውን የአየር ክፍተት የወሰነው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ክፍተቱ በ3,000 ሜትር በ1.14፣ በ4,000 ሜትር በ1.29 ይባዛል። ጎንደር ከመስመሩ ጥቂት አልፋለች፤ ደባርቅና ዳባት ግን በብዙ አልፈዋል።

ነገሩን ማጋነን ግን አይገባም። በተለመደው የቤት ቮልቴጅ የደጋው አየር ብቻውን ብልጭታ አይፈጥርም። በአየር ውስጥ ብልጭታ ለማስነሣት በማንኛውም ግፊት ቢያንስ 327 ቮልት ያህል ያስፈልጋል፤ የ220 ቮልታችን ጫፍ ደግሞ 311 ቮልት ነው። ችግሩ የሚመጣው በክረምት መብረቅ በመስመሩ አቅራቢያ ሲወድቅና ሺህ ቮልቶች ለቅጽበት ወደ ቤት ሲገቡ ነው። ያን ጊዜ ከደረጃ በታች የተሠራ፣ ክፍተቱ የጠበበ ርካሽ ዕቃ የነበረችውን ትንሽ መጠባበቂያ ከፍታው አስቀድሞ በልቶበታል። ለደገኛ ምርጫው ግልጽ ነው፤ ልኩ ከሚፈለገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዕቃ መግዛት፣ ኧርዝ በትክክል ማስቀበር፣ ነጎድጓድ ሲጀምር ዕቃዎችን መንቀል።

ጭቃ ቤትና እርጥበት

በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ውስጥ ጭድ አለ። ማብሪያው ያለ ሣጥን በቀጥታ እንጨት ላይ ከተመታ፣ ከውስጡ የሚወጣው ብልጭታና ሙቀት የሚያገኘው ጭዱንና እንጨቱን ነው። ሣጥኑ ጌጥ ሳይሆን እሳትን በቤቱ የሚያስቀር አጥር ነው። ማብሪያውም መቁረጥ ያለበት ፌዙን ነው፤ ኒውትራሉን ከቆረጠ መብራቱ ጠፍቶም አምፖል መያዣው ኮረንት እንዳለበት ይቀራል። አምፖል ሊቀይር የወጣ ልጅ ይህን በምን ያውቃል?

«ደህናው ዕቃ ውድ ነው» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። እውነት ነው፣ ይወደዳል። ሆኖም በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት ሣጥኖችና ማያያዣዎች ዋጋ ተደምሮ ከቤቱ ወጪ ጋር ቢተያይ እጅግ ጥቂት ነው። አቅም ካነሰ የሚቀነሰው የማብሪያው ጌጥና ብዛት እንጂ ኧርዙና ሣጥኑ መሆን የለበትም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወጣቶች የኦምን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ሠርታችኋል። ከቤታችሁ ምጣድ በላይ ለዚህ ሕግ የሚስማማ ጥያቄ የለም። ምጣዱ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፤ በ220 አካፍሉ፤ ውጤቱን በሶኬቱና በብሬከሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ የሶኬቱ ሽፋን ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ብሬከሩ ወርዶ ባለሙያ እስኪያየው ድረስም አይነካ። ትምህርት ቤቶችም የሳይንስ ክበባቸውን በዚህ ሥራ ቢያሠማሩ፣ የተማርነው ፊዚክስ ከደብተር ወጥቶ እናቶቻችን በሚጋግሩበት ቤት ውስጥ ይሠራል።