የ«ድፍረት» ኅብር

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በአርሲ ደጋ የ14 ዓመት ልጅ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠልፈው ወሰዷት። ጠላፊውም በግድ ከደፈራት በኋላ ሚስቴ ናት አለ፤ የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ተጠላፊዋ ወዳ ካገባችው ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር። ይህ መሸሸጊያ የተዘጋው በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። አበራሽ ግን ሕግ እስኪታረም አልጠበቀችም። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ተከታትሎ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ራሷን ለመከላከል ነው ሲል በነጻ ለቀቃት። የአገር ሽማግሌ ግን ወደ መንደሯ እንዳትመለስ ከለከላት።

ፍርዱ እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ ቢቢሲ በ1999 ስለ እርሷ ያሳየው ዘጋቢ ፊልም አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገዳይዋ ተማሪ» የሚል ነው። ዳኛ ያነሣላትን ስም ወሬ ነጋሪ መልሶ ጫነባት! የሕፃን ልጅ መከራ የገበያ ደወል ሊሆን ባልተገባው ነበር።

በ2014 ደግሞ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አገኘ። አርእስቱ ኅብር ቃል ነው፤ ሰሙ ጀግንነት፥ ወርቁ መደፈር፤ የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያደንቀዋል። ነገር ግን ቅኔ ቢዘርፉት ያስመሰግናል፤ የሰው ሕይወት ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይወሰድም። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በገዛ ስሟ ትጠራለች፤ ልጅቱ ግን ሂሩት ተብላለች። ስሟ የተለወጠው እርሷን ለመሰወር ነው ይባል ይሆናል። ታሪኳ በዓለም ፊት ከታየ 15 ዓመት ያለፈው ሰው በስም ለውጥ ብቻ እንዴት ይሰወራል?

በዚያው ዓመት ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊታይ ሰው በተሰበሰበበት ምሽት፥ አበራሽ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ ለፍርድ ቤት በማመልከቷ መታየቱ ታገደ። እገዳው ኋላ ተነሥቷል። ሆኖም ለሴቶች ሁሉ የሚበጅ ሥራ አሰናከለች የሚል ቢኖር፥ ንግግሩን ከየት እንዳመጣው ያስተውል። ጠላፊም ሽማግሌ ሲልክ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ኋላ ትወደዋለች፥ ለርሷም ይበጃታል።