ፔጂንግ ፋይሉን አትንኩብን!

ዛሬ ከፖለቲካው ወረድ ብለን ስለ አሮጌ ኮምፒውተር እናውራ። ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ እንጀራዬን አጥቼበታለሁ።

ባለ 4 ጊጋባይት ራም ላፕቶፔ ቢንቀራፈፍብኝ ሸዋሮቢት አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ «ቨርቹዋል ሜሞሪውን አጠፋሁልህ፣ አሁን ይበራል» ብሎ ብሩን ተቀበለኝ። በሦስተኛው ቀን ቃለ መጠይቅ እየገለበጥኩ፣ ክሮም ላይም ብዙ ገጽ ከፍቼ ሳለ «ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት መጣና ጽሑፉ ተዘጋ። የግማሽ ቀን ሥራ! (ሴቭ አለማድረጌ የኔ ጥፋት ነው፤ እሱን አልክድም።) በፍሪላንስ ለሚሠራ ሰው ያልተላከ ጽሑፍ አይከፈልበትም።

ይህን «ማፍጠን» የሚሉ ባለሙያዎች የገበያ ቀን የማሾ ነጋዴ አይተው አያውቁም? ራም ማለት ሚዛኑ አጠገብ ያለው ቦታ ነው። እሱ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን ጆንያ ወደ መጋዘን ይልካል። መጋዘኑ ዲስኩ ላይ ያለው ፔጂንግ ፋይል ነው። አዎ፣ ሩቅ ነው፤ የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከራም አንጻር በብዙ ሺህ እጥፍ ይዘገያል። ታዲያ ሩቅ ነው ተብሎ መጋዘን ይዘጋል? ተዘግቶ ሚዛኑ ጋ ቦታ ሲጠፋ አዲሱ ጆንያ የት ይግባ?

«የራሙን 1.5 እጥፍ ሙላው» የሚሉም አሉ። ራም በሜጋባይት ይቆጠር በነበረበት ዘመን የተለመደ ስሌት ነው።

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 ስለሚጠይቅ ብዙዎቹን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። አዲስ መግዣ የሌለን ሰዎች በያዝነው መቆየታችን ነው፤ ያለችንን አታበላሹብን።

የተነካባችሁ ወደ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ግቡ። ፐርፎርማንስ ሥር ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ፣ ከዚያም ቨርቹዋል ሜሞሪ ሥር ቼንጅ የሚለውን ተጫኑ። መጠኑን ራሱ ዊንዶውስ እንዲወስን የሚፈቅደውን የላይኛውን ሳጥን ምልክት አድርጉና ሪስታርት። ሲ ድራይቭ ላይም ባዶ ቦታ ይኑር። የይፋት ቆላ ሙቀትና በአቧራ የታፈነ ፋን ብቻውን ማሽን እንደሚያዘገይም አትርሱ።

ጥገና ቤቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ራም ጨምር።» መጀመሪያውኑ ቢለኝ የከፈልኩትን ብር ለዚያ አጠራቅመው ነበር።