የዘይት ደረሰኝ አምጣ!

አሜሪካ ውስጥ የሃዩንዳይ ሶናታ ሞተር አስፋልት መሃል ቀጥ ይልና ባለቤቱ «ዋስትናህ ተራዝሟል፣ በነፃ ይቀየርልሃል» ይባላል። ደስ ሲል! ቀጥሎ ግን «ዘይት በወቅቱ የቀየርክበት ደረሰኝ የታለ?» ይመጣል።

ቆይ እንጂ! ኩባንያው በ2015 (እ.ኤ.አ.) 470 ሺህ ያህል የ2011 እና የ2012 ሶናታዎችን ለጥገና የጠራው እኮ፣ ፋብሪካው ውስጥ ሞተሩ ላይ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ የዘይቱን መንገድ ስለሚዘጋ ነው። ጉዱን ያጋለጠው የራሱ መሐንዲስ ኪም ጓንግ-ሆ በ2021 ከአሜሪካ መንግሥት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸልሟል።

ታዲያ ንጽህናውን እንዲያስረዳ የሚገደደው ገዢው ለምንድን ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። «ቸልተኛ ነህ» ያለ ራሱ ያስረዳ!

ወገን፣ ሞተር መቀየሩ ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ባለዕዳ ደግሞ ይከፍላል እንጂ አያፋጥጥም።